ያልተረጎምኩላት ዓረፍተ ነገር

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በዘጠነኛው ቀን ማታ አንዲት ጎረቤታችን የእናቴን ባት በሞቀ ቅቤ ታሽላት ነበር። እናቴ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ "እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ" ትላለች። እኔ ከወዲያ ቡና እቆላለሁ። ጎረቤታችን ስትጨርስ ፎጣ አቀበልኳትና "እግዜር ይስጥልን፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር" ብዬ አመሰገንኳት።

ያ ሲታሽ ያመሸ ባት ውስጥ የረጋ ደም ነበር። ያ ደም በእጅ ግፊት ከተቀመጠበት ተነቅሎ ወደ ሳንባዋ ሄዶ ቢሆን ኖሮ፣ እናቴን በራሴ ጥፋት አጣት ነበር። በጎረቤታችን አልፈርድም፤ እሷ ከእናቷ የተማረችውን ነው ያደረገችው። ስለ አደጋው በዚያ ቤት ውስጥ የተነገረው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ሳልነግራት ስቀር ደግሞ ቀስ በቀስ ራሴም ረሳሁት።

ይህን የምጽፈው ብዙዎቻችን በየሆስፒታሉ ለወላጆቻችን ስለምናስተረጉም ነው። እኔ የሠራሁትን ስሕተት ሌላ ሰው እንዳይደግመው እፈልጋለሁ።

እናቴ ያኔ ሰባ አንድ ዓመቷ ነበር። ደሴ ውስጥ ሲንጀር መኪና እየረገጠች፣ የሰው ልብስ እየሰፋች አምስት ልጆች አሳድጋለች። እኔ ወደምኖርበት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጣችው የአባቴ ሙት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ስትመጣ ታነክስ ነበር። "ጉልበቴን ነው" ትለናለች። እኛም ጉልበቷን አሸን፣ ጉልበቷን በሻሽ አሰርን፣ በመጨረሻም የጉልበት ኤክስሬይ አስነሣን። ጉልበቷ ደህና ነበር። የዳሌ ሕመም በብሽሽትና በጭን በኩል ወርዶ ጉልበት ላይ ሊሰማ እንደሚችል ያወቅነው፣ አንዲት ሐኪም እናቴን አስተኝታ እግሯን ወደ ውስጥ ለማዞር ስትሞክር እናቴ በጮኸች ጊዜ ነው። የዳሌዋ ኤክስሬይ ሲታይ በጭኗ አጥንት ራስና በጎድጓዳው መካከል መኖር የነበረበት ክፍተት ጠፍቷል። ልስልሱ ልባስ አልቆ አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋጫል።

ያኔ ዓመት ሙሉ እያየን ያላስተዋልነው ሁሉ ትርጉም አገኘ። መጀመሪያ ስግደት አቆመች። ቀጥሎ ካልሲዋን ራሷ ማጥለቅ አቃታት። በኋላማ ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ተደግፋ እንኳ መቆም ስላልቻለች ወንበር ይፈለግላት ጀመር። እሷ ግን ከ"እርጅና ነው" በቀር ያለችው ነገር አልነበረም።

የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ነው፤ ነገር ሲከብደኝ ሠንጠረዥ አሰምራለሁ። ዳሌዋ መቀየር እንዳለበት ሲነገረን ደብተር አውጥቼ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፤ ከኋላ፣ ከጎን፣ ከፊት። ለሦስት ሳምንት ሌሊት ሌሊት የማነበው ይህንኑ ነበር።

በዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ የተበላሸው የጭን አጥንት ራስ ተቆርጦ ይወጣል። በምትኩ የጭኑ አጥንት ውስጥ ብረት ይተከላል፤ ጫፉ ላይ ኳስ የመሰለ አዲስ ራስ ይሰካል፤ ጎድጓዳውም ተፍቆ ስኒ የመሰለ ልባስ ይገጠምለታል። ለዛሬው ቅየራ መሠረት የጣሉት እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሊ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 በራይቲንግተን ሆስፒታል የብረት ራስን ከጠንካራ ፕላስቲክ ጋር አጣምረው የሠሩት መገጣጠሚያ ዓለምን ቀየረ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2007 "የክፍለ ዘመኑ ቀዶ ሕክምና" ብሎ ያሞገሰው ይህንኑ ቅየራ ነው። የሚተከለው ዕቃ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ሐኪሞች የሚለያዩት ወደ መገጣጠሚያው በሚገቡበት መንገድ ነው።

ከኋላ የሚገባው ሐኪም በመቀመጫ በኩል ትልቁን ጡንቻ በክሩ አቅጣጫ ይሰነጥቃል፤ ከሥሩ ያሉትን፣ ጭንን ወደ ውጭ የሚያዞሩትን ትንንሽ ጡንቻዎች ከአጥንት ያላቅቅና በኋላ መልሶ ይሰፋቸዋል። ብዙ ሐኪሞች የለመዱት መንገድ ነው፤ መገጣጠሚያውም ወለል ብሎ ይታያል። ደካማ ጎኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታካሚው በጥልቀት ካጎነበሰ ወይም እግሩን ካጣመረ ኳሱ ወደ ኋላ ሊወልቅ መቻሉ ነው፤ የተላቀቀው በደንብ ተመልሶ ከተሰፋ ግን ይህ ስጋት በጣም ይቀንሳል። ከጎን በሚገባው ደግሞ ስንራመድ ዳሌያችንን ሚዛኑን አስጠብቆ ከሚይዘው ጡንቻ ከፊሉ ይነሣል። መውለቁ እምብዛም ነው፤ ነገር ግን ማነከስ የማይለቃቸው ሰዎች አሉ። የፊተኛው መንገድ በጡንቻዎች መካከል ሾልኮ ይገባል፤ ብዙም አይቆርጥም። ፈረንሳዊው ሮበርት ጁዴ በ1947 ዳሌ የቀየሩበት፣ በአሜሪካ ደግሞ ጆኤል ማታ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያስፋፉት ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈጠን ብሎ ይራመዳል። በአንጻሩ የጭንን ውጫዊ ቆዳ የሚያገለግለው ነርቭ ተነክቶ መደንዘዝ ሊያስከትል ይችላል፤ ሐኪሙም እጁ እስኪፈታ ብዙ ሰው መሥራት አለበት።

መጀመሪያ ያየናቸው ሐኪም ከኋላ ነበር የሚሠሩት። "ለምን ከፊት አይሠሩላትም?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "እጄ ሃያ ዓመት የለመደው መንገድ ለእናትሽ ይሻላታል" አሉኝ። ይህ መልስ ዛሬ ትልቅ እውነት ሆኖ ይታየኛል፤ ያን ጊዜ ግን ሰበብ መሰለኝና ሌላ ሐኪም ፈለግኩ። ሁለተኛው ከፊት የሚሠሩ ነበሩ። እሳቸውም ሐቁን አልሸሸጉኝም፤ "ልዩነቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው የሚታየው። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ከፊት የተሠራውና ከኋላ የተሠራው ሰው አረማመድ ይቀራረባል" አሉ። እናቴ "ምን አሉ?" ስትለኝ "ቶሎ ትነሻለሽ ነው የሚሉሽ" አልኳት። የነገሩን ግማሽ ነበር የነገርኳት፤ ለዚያውም እኔ መስማት የፈለግኩትን ግማሽ።

ሁለተኛው ሐኪም ከፊት ሊሠሩላት በተቀጠረው ቀን ጠዋት አንዲት ነርስ ስክሪን የተገጠመበት ጋሪ እየገፋች መጣች። "በአማርኛ አስተርጓሚ ልደውልላችሁ" አለች። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግና ከዚያ ወዲህ በወጡ ደንቦች መሠረት የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። በጎረቤታችን ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የመንግሥት ቢሮዎች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ይህ መብት ሰዎች የደከሙበት ነው፤ ባለቤቱም ታካሚው ነው። እኔ ግን እናቴን ሳልጠይቅ "አያስፈልግም፣ ልጇ ነኝ" አልኩ። ፈርሜ ጋሪውን መለስኩት።

ቀዶ ሕክምናው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወሰደ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፊዚዮቴራፒስቱ ዎከር የሚባለውን የመራመጃ ድጋፍ ይዞ ገባ። እናቴ "ዛሬ? ቁስሉ ሳይደርቅ?" ብላ አየችኝ። እኔም ደነገጥኩ፤ ሰውዬው ግን ወገቧ ላይ ቀበቶ አስሮ ቀስ አድርጎ አቆማት። በአዲሱ ዳሌዋ የመጀመሪያ እርምጃዋን ስትራመድ አየሁ። እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች። "ያ የሚፋጨው ነገር የለም" አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። በማግስቱ ደረጃ መውጣትና መውረድ አስተማራት። ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ የታመመው። አልጋ ላይ ስትሆን የምትሠራውንም አሳያት፤ ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይ ወደ ታች ማንቀሳቀስ። እናቴ ፈገግ አለችና "ሲንጀር መርገጥ ነው እንዴ?" አለች።

ከዚያ ነርሷ የመውጫ ወረቀቱን ይዛ መጣችና አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ደም እንዳይረጋ አስፕሪን። በየሰዓቱ ተነሥቶ ትንሽ መራመድ። ቁስሉን ማርጠብ ክልክል ነው። ቀጥላ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እግር ማበጡ የተለመደ ነው። ነገር ግን ባቷን ካመማት፣ ከቀላ፣ እብጠቱ ከጨመረ ወዲያው ደውሉልን። ትንፋሽ ካጠራት ወይም ደረቷን ከወጋት ወደ 911 ደውሉ። የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊገድል ይችላል" አለች።

እናቴ የሴትየዋን ፊት አይታ "ምንድን ነው የምትለው?" አለችኝ።

"መድኃኒትሽን በሰዓቱ ዋጪ፣ እግርሽንም ተጠንቀቂለት ነው የምትልሽ" አልኳት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ አስቤበታለሁ። ክፉ ወሬ በእኛ ቤት በቀጥታ አይነገርም። መርዶ እንኳ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚረዳው። አክስቴን ካንሰር እንደያዛት ሳንነግራት ነው የቀበርናት፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ደግ የሠራን መስሎን ነበር። እኔም በዚያች ደቂቃ "ሊገድል ይችላል" የሚለውን ቃል ወደ እናቴ ጆሮ ማሳለፍ ጭካኔ መሰለኝ። የማገገሙ መንገድ ገና አልተጀመረም፤ ለምን አስፈራታለሁ? አልኩ።

ቤት ስንገባ ደግሞ ፍቅራችን ሌላ በደል ጨመረባት። ጠያቂው ቤቱን ሞላው። ሙቁን፣ አጥሚቱን፣ ዶሮውን ይዞ ያልመጣ የለም። "እግዚአብሔር ይማርሽ! አይዞሽ፣ ተኚ፣ እንዳትነሺ" የማይል አልነበረም። በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው ይተኛል፤ የተነሣ እንደሆነ አስታማሚ የለውም ይባላል። እኔም ውኃ ስትፈልግ አመጣሁላት፣ ስልኳን አቀበልኳት፣ ምግቧን እግሯ ሥር አቀረብኩላት። ሰው ሲበዛ ሳሎኑ ስለጠበበ ዎከሩን አጥፌ ቁምሳጥን ውስጥ ከተትኩት። በየሰዓቱ መራመድ የነበረባት ሴት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለመጸዳጃ ብቻ፣ እኔን ተደግፋ ትነሣ ጀመር።

ባታችን ስንራመድ ደም ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር ደሙን ወደ ልብ ይሰድዳል። ከዳሌ ቀዶ ሕክምና በኋላ ደም ለመርጋት ይቸኩላል፤ በዚያ ላይ ሰውነት ሲተኛ ፓምፑ ይቆማል። ቶሎ መነሣት የተፈለገው ለዚህ ነው። ከሐኪሙ ጥበብ ያልተናነሰ ሥራ ያላቸው ከመኝታ ቤት እስከ ወጥ ቤት የሚደረጉት እነዚያ አጫጭር ጉዞዎች ናቸው። እኔ መንገዱን ለመምረጥ ሦስት ሳምንት አፈሰስኩ፤ ከቤታችን ሳሎን ወጥ ቤት ያለችውን መንገድ ግን በገዛ እጄ ዘጋሁባት።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ካልሲዋን ላጠልቅላት ስንበረከክ አንደኛው ባቷ ከሌላው ወፍሮ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ነካ ሳደርገው እጇን ሰደደችብኝ። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት። "ሦስት ቀን ይሆነዋል። ሥራ እንዳላስፈታሽ ብዬ ነው።" ከዚያ የልብስ ስፌት ሜትሯን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ከደሴ ይዛው የመጣችውን፣ ቁጥሩ የደበዘዘውን። እንደ ደንበኛ እግር ሁለቱንም ባቶቿን ራሷ ለካች። "ይሄኛው ሠላሳ ስድስት ነው፤ ይሄኛው አርባ አንድ። በአምስት ሳንቲም ይበልጣል" አለች። ያን ጊዜ ነው የነርሷ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ያስተጋባው።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ተረኛዋ ሐኪም አንደኛው ባት ከሌላው ከሦስት ሳንቲም ሜትር በላይ ከወፈረ የደም መርጋት እንደሚያስጠረጥር ነገረችን። በአልትራሳውንድ ታየ፤ ጥልቁ የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቷል። ሳንባዋ ደህና ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሟ እኔን ሳትጠይቅ በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አስቀረበችና እናቴን በቀጥታ ጠየቀቻት፦ "ባትዎን ካመመዎት ወዲያው መደወል እንዳለብዎት ተነግሮዎት ነበር?"

እናቴ አሰብ አደረገች። "እኔ አልሰማሁም" አለች።

የስልኩ ድምፅ ይህንኑ በእንግሊዝኛ ደገመው። ሐኪሟ ፋይሉን ገለጠች። እዚያ ላይ አስተርጓሚ በሚለው ቦታ የእኔ ፊርማ አለ። አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ አንገቴን ደፋሁ።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሦስት ወር ታዘዘላት። ሐኪሟ አጥብቃ የነገረችን አንድ ነገር፣ የታመመ ባት ፈጽሞ መታሸት እንደሌለበት ነው። ሁሉን በትክክል ያደረገ ሰውም ደም ሊረጋበት እንደሚችል ጨምራ ነገረችኝ፤ ልታጽናናኝ ይመስለኛል። ደሙ የረጋው በእኔ ምክንያት ነው ማለት አልችልም። ሦስቱ ቀን የባከነው ግን በእኔ ምክንያት ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚለው ተረት ለታማሚ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ሕመሟን የደበቀችኝ፣ እኔ አስቀድሜ ትርጉሙን ስለደበቅኳት ነው። ምልክቱን ብታውቅ ኖሮ ለማንም አትደብቅም ነበር።

ያን ማታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ የሐኪሙን ሙሉ ንግግር፣ የነርሷን ዓረፍተ ነገር፣ የመለስኩትን ጋሪ። እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ እጄን ያዘችና፣ "ልጄ፣ እኔ አምስት የወለድኩ፣ ባሌን የቀበርኩ ሰው ነኝ። ባትሽን ካመመሽ ተናገሪ ቢሉኝ እፈርስ ነበር?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሣችብኝም።

በማግስቱ ዎከሩን ከቁምሳጥን አወጣሁ። ምንጣፎቹን ጠቅልዬ አነሣሁ፤ እግር ያደናቅፋሉና። እጀታ ያለው ከፍ ያለ ወንበር አቀረብኩላት። ጠያቂ ሲመጣ "ተኚ" የሚላትን እናቴ ራሷ "ሐኪም ያዘዘኝን ልርገጥ" እያለች ተነሥታ ትራመድ ጀመር፤ ጎረቤታችንም አብራት ትሄዳለች። ሌሊት ከጎኗ ስተኛ ብርድ ልብሱ ሥር እግሯ ወደ ላይ ወደ ታች ሲል ይሰማኝ ነበር። ሲንጀሯን ትረግጣለች። በስድስተኛው ሳምንት ዎከሩን ትታ፣ ከተሠራው ዳሌ በተቃራኒው እጇ ከዘራ ይዛ ወጣች።

ወላጆቻችሁን ለዚህ ሕክምና የምታቀርቡ ሁሉ፣ ሐኪሙን በየት በኩል እንደሚገባ ጠይቁት፤ ደግ ጥያቄ ነው። አክላችሁም በዚያ መንገድ ስንት ሰው እንደሠራ ጠይቁት። ከዚያ ደግሞ ስለ ወላጃችሁ ኑሮ ንገሩት፤ ቡና የሚጠጡት ዝቅተኛ በርጩማ ላይ እንደሆነ፣ ወለል ላይ እንደሚቀመጡ፣ እንደሚሰግዱ። ከኋላ በኩል ለተሠራ ዳሌ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያቺ በርጩማ አደገኛ ልትሆን ትችላለች፤ ይህን እኛ ካልነገርነው ሐኪሙ ከየት ያውቀዋል? አስተርጓሚ ሲመጣ ደግሞ አትመልሱት። ልጅነታችሁን ያዙና ትርጉሙን ለባለሙያው ተዉለት። የእናት እጅ ለመያዝ ልጅ ያስፈልጋል፤ እናትን የሚያስፈራ ቃል ሳይሸራርፉ ለማድረስ ግን የልጅ አንጀት አይችልም። የእኔ አልቻለም።

በሦስተኛው ወር ለክትትል ስንሄድ ያ ስክሪን ያለው ጋሪ መጣ። እኔ ጥግ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አስተርጓሚው ወጣት ነው፤ እናቴን "እንደምን አደሩ እናቴ" ብሎ ሰላም አላት። ሐኪሙ ጠባሳውን አዩ፣ እግሯን አንቀሳቀሱ፣ ኤክስሬዩን አሳዩአት። ከዚያ "የሚጠይቁኝ ነገር አለ?" አሏት።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። "አለኝ" አለች። "መስገድ እችላለሁ ወይ? ዳሌዬን ላስቀይር የተስማማሁት ለእሱ ነው።"

ደነገጥኩ። በሠንጠረዤ ውስጥ የጠባሳው ርዝመት ነበር፣ የጡንቻዎቹ ስም ነበር፣ የሆስፒታሉ ርቀት ሳይቀር ነበር። ስግደት የሚል ግን አልነበረም።

ሐኪሙ በጥሞና መለሱላት። በእሷ ዳሌ መንበርከክና ማጎንበስ ክልክል አይደለም፤ ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ ጠንካራ ነገር ይዛ ትሞክረው፤ ስትነሣ በደህናው እግሯ ትነሣ። ከዚያ "ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር፤ ለምን አልነገሩኝም?" አሏት።

"የጠየቀኝ ሰው አልነበረም" አለች እናቴ።

ወጣቱ አንዲት ቃል ሳይቀንስ ተረጎመው።